የታጠበው ሳክስፎን

በፈረንጆቹ 2008 ሰመር፣ የመኪና ጋዝ በጋሎን አራት ዶላር በገባ ጊዜ፣ ዓለምጌጥ ዳላስ አጠገብ ባለችው ሮውሌት ከተማ ውስጥ ሚስተር ክላይድ የሚባሉ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ትንከባከብ ነበር። ሚስተር ክላይድ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በትልልቅ የጃዝ ባንዶች ውስጥ ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ዞረዋል። ከአምስቱ ሳክስፎን ነፊዎች ሁልጊዜ አራተኛው ወንበር ላይ ነበሩ፤ አንድ ቀን እንኳን ብቻቸውን ተነሥተው ተጫውተው አያውቁም።

ቅዳሜ ግን የድሮ ባልደረቦቻቸው ዳላስ ሊሰበሰቡ፣ እርሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሊነፉ ነው። ወሩን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ዓለምጌጥ ሳጥኑን ከፈተች። ሳክስፎኑ ጠቁሯል፤ ምራቅ ምራቅ ይሸታል።

"በዚህ ቆሻሻ እንዴት ሰው ፊት ይቆማሉ?" አለችና የመታጠቢያ ገንዳውን ለብ ያለ ውሃ ሞላች። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሕፃን እንደምታጥብ አገላብጣ አሸችው። ፎጣ ላይ ስታሰጣው እንደ ወርቅ አብረቀረቀ። ደስ ብሏት ለልጇ ለሔራን ደወለች። ሔራን በትምህርት ቤቷ ባንድ ክላርኔት ትነፋለች።

"እማ፣ ዌይት። ውሃ ውስጥ ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ በሳሙና! ብታዪው..."

"ኦ ማይ ጋድ! እማ፣ ከቁልፎቹ ሥር እኮ ቆዳ አለ! ማለቴ፣ ከራሰ ያብጣል፣ አይዘጋም፣ ድምፅ አይወጣውም። ፊክስ ለማድረግ ሳምንታት ይፈጃል። ሾው መቼ ነው?"

"ነገ።"

ዓለምጌጥ ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። በፀጉር ማድረቂያ ልታደርቀው ብትሞክር ጭራሽ አንዱ ቆዳ ተኮማትሮ ወደቀ።

ሚስተር ክላይድ ሲነቁ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ጠበቀቻቸው። "አጠፋሁ። ሳክስፎንዎን አጠብኩት።"

ሳክስፎኑን ተቀብለው ነፉ። ባዶ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ነፉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓለምጌጥ ስድቡን ጠበቀች፤ ከቤቴ ውጪ የሚለውን ጠበቀች።

"ስልኬን አቀብይኝ" አሉ። ለባንዱ መሪ ደወሉ። "ለአራተኛው ወንበር ሰው ፈልግ" ብለው ዘጉት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ..."

"ሃያ ዓመቴ ነበር" አሉ፣ እንዳልሰሟት ሆነው። "የአራተኛው ወንበር ሰውዬ ሳክስፎኑን ከአውቶቡሱ ጎማ ኋላ አስቀምጦ ረሳው። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲል ድፍጥጥ አደረገው። ያን ምሽት በእርሱ ቦታ እኔን አስቀመጡኝ። ተቀመጥኩ፣ አልተነሣሁም።"

"ሰውዬውስ?"

"በሩ አጠገብ ቆሞ ሲሰማኝ አየሁት። ፊቴን አዙሬ ነፋሁ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩም።"

ዓለምጌጥ ሳክስፎኑን ከእጃቸው ወስዳ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

"ነገ ዳላስ ትወስጂኛለሽ" አሏት። "በሩ አጠገብ ታቆሚኛለሽ። ሱፌንም አውጪልኝ፤ ሰውዬው ሱፍ ለብሶ ነበር።"