የሞተ ሰው ነበር ወይ?

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ሸዋ ሮቢት ያደግኩ ነኝ እኮ! ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ የሚረዳው ሰው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዝም ይዘጋጃል። እኔ ግን ባለፈው ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መቶ ሰው በተሰበሰበበት፣ በማይክ፣ አንዲትን እናት ልጃቸው መሞቱን አረዳኋቸው። ከወረቀት እያነበብኩ። ያውም ራሴ ከጻፍኩት ወረቀት!

ሥራዬ የሕክምና ጽሑፍ ነው። ሰው ሁሉ "ሐኪም ነሽ?" ይለኛል፤ አይደለሁም። አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር ሐኪሞቹ የመዘገቡትን አዲስ አበባ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሪፖርት አደርገዋለሁ። ድሮ ሪፖርቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ለሕክምና መጽሔት ተልኮ ያበቃ ነበር። አሁን ግን "መድኃኒቱ የተሞከረበት ሰውም ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ ይስማ" ተባለ። እሰየው ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ጉረኛ ነኝ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሰምቶ የማይገባው ዓረፍተ ነገር ከእጄ አይወጣም እላለሁ።

እዚያው ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ የተሞከረው የወባ መድኃኒት ነበር። ውጤቱን በሁለት ገጽ ጻፍኩት፤ ከስምንት መቶ ቃል እንዳይበልጥ ታዘናል። የማንም ስም የለበትም። ስማቸውን እኔም አላውቀውም፤ ፋይሉ ላይ ሰዎቹ ቁጥር ናቸው። አለቃዬ "የአገርሽ ሰዎች አይደሉ? ራስሽ ሄደሽ አንብቢላቸው" ሲለኝ ጮቤ ረገጥኩ።

ያኔ ያላወቅኩትን አሁን ልንገራችሁ። እትዬ ሙሀባ የሚባሉ እናት ዓይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄዱ። አንደኛው ዓይን ተሠርቶ ሌላው ተራው እስኪደርስ ስድስት ወር ቆዩ። በሄዱ በሳምንቱ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው ሷሊሕ ሞተ፤ እሳቸው ሳይሰሙ ተቀበረ። ሐኪሙ "ዓይናቸው እስኪሽር እንዳያለቅሱ" ስላለ፣ ሴት ልጃቸው ፈይዛ "ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም" ብላ ዋሸቻቸው። አገር ሁሉ አብሮ ዋሸላት። ወደ ቀወት ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ መርዶው ለዓርብ ማለዳ ተቀጥሯል። እኔ የመጣሁት ረቡዕ ነው።

ስብሰባው የጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ሙቀቱ አይነገርም፤ ያደልኩትን ወረቀት ሰው ሁሉ ማራገቢያ አድርጎታል። ልጀምር ስል ጥቁር መነጽር ያደረጉ እናት ግድግዳውን ተደግፈው ገቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ፈይዛ ገበያ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ የሚከለክላቸው አልነበረም።

"እናቴ፣ እርስዎም መድኃኒቱን ወስደው ነበር?" አልኳቸው በማይኩ።

"እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ነው፤ ሲጀምር በስልክ ነግሮኛል። እሱ ጅቡቲ ስለሆነ እኔ ልስማለት ብዬ ነው የመጣሁት።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። አክብሮት መሰለኝ፣ እኔ ቂሏ! የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኑዕማን ጉዳዩን ያውቃል፤ ወረቀቱን ግን ቀድሞ አላየውም። የወባ ወሬ ሰምተው ይሄዳሉ ብሎ ዝም አለ።

ማንበብ ጀመርኩ። "መድኃኒቱ ምን ጉዳት ነበረው?" የሚለው ጋ ስደርስ "አንዳንድ ሰዎችን ያዞራቸው ነበር፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይተዋል" አልኩ። ጋሼ ከበደ የሚባሉ ሽማግሌ ከኋላ "እኔንማ በሬዬ ሁለት መስሎ እስኪታየኝ ነበር ያዞረኝ! ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ!" ብለው ሰውን አሳቁት። እኔም ሳቅኩ።

ገጹን ገለበጥኩና ቀጣዩን ርዕስ አነበብኩ፦ "የሞተ ሰው ነበር ወይ?" ርዕስ ጥያቄ ሲሆን ሰው ልብ ይላል፤ የተማርነው እንደዚያ ነው። ኑዕማን ከወንበሩ ብድግ ብሎ መጣና "እህቴ ሩት፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይችን ዝለያት" አለኝ በጆሮዬ። ደሜ ፈላ። ሞትን ደብቂ የሚል ሰው ስንቴ ገጥሞኛል! "አልዘልም፣ ሰው የማወቅ መብት አለው" አልኩት። ድምፄን ጭራሽ ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

"አዎ፣ አንድ ሰው ሞቷል። የሃያ ስድስት ዓመት የባጃጅ አሽከርካሪ ነበር። መድኃኒቱን በጀመረ በሦስተኛው ቀን ባጃጁ ድልድይ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ሞቱ ከመድኃኒቱ ጋር እንደማይገናኝ ተረጋግጧል።"

የሚያራግብ እጅ ሁሉ ቆመ። እኔን የሚያየኝ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን እናት ነው። ያኔ ገባኝ። ክው አልኩ! ስሙን ደብቄ ሥራውን ጽፌዋለሁ። አዲስ አበባ ቢሆን የሃያ ስድስት ዓመት ባለባጃጅ ሺህ ነው። እዚህ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት መሀል ባጃጅ የሚነዳ ሷሊሕ ብቻ ነበር። ለምን ጻፍኩት? "አንድ ወጣት" ብቻ ማለት ደረቅ ቢሆንብኝ፣ ሰው ሰው እንዲሸት ብዬ! እጄን በቆረጠው!

"ሷሊሕ ነው?" አሉ እትዬ ሙሀባ። የጠየቁት እኔን ሳይሆን አዳራሹን ነው። ሴቶች እየሮጡ መጥተው ያዟቸው። አንዷ "ኢና ሊላሂ" ስትል ለቅሶው ባንዴ ፈነዳ። ኑዕማን "ዓይናቸውን! ኧረ ዓይናቸውን!" እያለ ይጮሃል። እኔ ማይኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀርቻለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"ዝም በሉ!" አሉ እትዬ ሙሀባ። እሳቸው አላለቀሱም። "ስድስት ወር ሙሉ ዝም ስትሉ ከርማችሁ የለ? አሁንም ዝም በሉ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"አንቺ ልጅ፣ ቅድም መድኃኒቱ ያዞራል አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"አሁን ደግሞ ባጃጁ ተገለበጠ አልሽ።"

"አዎ።"

"ታዲያ አዙሮት ነዋ የተገለበጠው?"

ወላዲተ አምላክ! ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንዱን ገጽ አንድ ላይ፣ ሌላውን ገጽ ሁለት ላይ። አራት ሰው አርሟቸዋል፣ ሁለት ሐኪም ፈርሞባቸዋል። ጎን ለጎን አድርጎ ያያቸው የለም። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ኮሚቴ "ጎማው ፈንድቶ ነው" ብሏል፤ ይኼንኑ ልመልስ አፌን ከፈትኩ።

ግን እዚያው እንደቆምኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ሟቹ ለመድኃኒት ኩባንያው የጻፍኩት ረዥም የእንግሊዝኛ ዘገባ አለ። በሞተበት ዕለት ጠዋት መድኃኒቱን ሊወስድ መጥቶ "ያዞረኛል" ብሎ ለሙከራው ነርስ መናገሩ፣ ውሃ ጠጥቶ እንዲያርፍ ተነግሮት መሄዱ እዚያ ላይ ተጽፏል። ወደ አማርኛ ሳሳጥረው ከስምንት መቶ ቃሉ አለፈብኝና አወጣሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ቦታ ስለጠበበኝ ነው።

"ንገሪኝ እንጂ" አሉ። "የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

"ያን ቀን ጠዋት ያዞረኛል ብሎ ነበር" አልኳቸው። ማይኩ አፌ ላይ ስለነበር ሁሉም ሰማ። "የተገለበጠው በማዞሩ ይሁን በጎማው አላውቅም። መናገሩን ግን አውቃለሁ።"

"ወረቀቱ ላይ አላነበብሽውም።"

"ጽፌው ነበር እትዬ። ወረቀቱ እንዳይረዝም ብዬ አወጣሁት።"

"ምን ያህል ይረዝማል?" አሉኝ።

"አንድ መስመር ነው።"

"አንድ መስመር" አሉ። ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።