«በቃ» የምትለዋ ካርድ

እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ እያየ ምግብ ይዞ መቆም ነውር ነው። ምድር ወለሉ ላይ ለሚኖሩት ለእትዬ አሰለፈች ደግሞ ከነውርም በላይ ኃጢአት ነው። ልጄ አማል በበራቸው ስታልፍ ድፎ ዳቦ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ አማል መነጫነጭ ትጀምራለች፤ እሳቸው «ውይ፣ ርቧት ነው!» ብለው ቁራሹን አፏ ውስጥ ይከታሉ። እሷ ታኝካለች፣ እሳቸው ይመርቃሉ፣ እኔ አመሰግናለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አማል ስድስት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ በአፏ አትናገርም። እኔ አቃቂ ገበያ ጨርቅ ሻጭ ነኝና የእሷንም ድርሻ ጨምሬ እናገራለሁ።

ባህሪና መግባባት የምታስተምራት ሩት፣ ሥዕል ያለባቸው ትናንሽ ካርዶች ሠርታላታለች፦ ውሃ፣ ሙዝ፣ ሽንት ቤት፣ ደግሞም ቀይ እጅ የተሳለባት «በቃ»። ካርዶቹ አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ደንቡ ቀላል ነው። ነገሩን ይዞ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ ካርድ ስትሰጥ ወዲያው ያለችውን መፈጸምና ማሞገስ። ከሩትና ከእኔ ጋር ጎበዝ ሆነች። ለሌላ ሰው ግን አንዲትም ካርድ አውጥታ አታውቅም።

በሠፈራችን ያለው ትምህርት ቤት የፈለገው ደግሞ ይህንኑ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሥርጉት «ከቤት ሰው ውጭ ላለ ሰው ፍላጎቷን ማሳወቅ ከቻለች ረዳት መምህርት አለችን፣ እንቀበላታለን። ካልሆነ ግን ለከርሞ ትምጣ» አሉኝ። ለከርሞ! ልጄ ዩኒፎርም የለበሱትን በመስኮት እያየች ሌላ ዓመት ልትቀመጥ!

ለሩት ስነግራት «የአማል እናት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳትጠይቅ ይሰጣታል። ታዲያ ለምን ትጠይቅ?» አለችኝ።

ይህን እያብሰለሰልኩ ስገባ እትዬ አሰለፈች ዳቦ ይዘው ወጡ።

«እትዬ፣ እባክዎ እጅዎን ይሰብስቡ! በካርድ ሳትጠይቅ አይስጧት!» አልኩ። ድምፄ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ አልቀረም።

«በስተርጅናዬ ልጅ ማስራብ ልማር? እንዲህ ያለውን ጭካኔ ከየት አመጣሽው?»

«ሁዳዴን ሙሉ ለልጅ ልጆችዎ ወተት ሲያፈሉ ጣትዎን እንኳን አይልሱም። ለአንድ ቁራሽ ዳቦ እጅዎን መያዝ አቃተዎት?»

በሩን ድርግም አድርገው ገቡ። ጎረቤቴን በአፌ ምክንያት ያጣሁ መሰለኝ።

በነጋታው ጠዋት ግን ራሳቸው አንኳኩ። «ዓሊሜ፣ ጾም ነው ካልሽኝ እችላለሁ። ብቻ ሰዓቱን ንገሪኝ፣ እስከ ስንት ነው የሚጾመው?»

«ካርድ እስክትሰጥዎ።»

«በስመ አብ! እሺ።»

ደረጃው ሥር ቆሙ፤ ዳቦውን ዘርግተው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አማል ተነጫነጨች። የእትዬ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም ምላሴን ነክሼ ያዝኩ፤ ለእኔ ከረመዳን የሚከብደው ይሄ ነው። አንድ ጎረቤት ከላይ ሲወርድ «ምን ሆናችሁ?» ቢል ሁለታችንም ዓይናችንን አፈጠጥንበት። አማል ዳቦውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ካርድ መዳፋቸው ላይ አኖረች።

ቀይዋን እጅ።

«ምን አለችኝ?»

«በቃ አለችዎት፣ እትዬ። ዳቦውን አትፈልግም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ መነጫነጭ «ራበኝ» ሳይሆን «አልፈልግም» ነበር። እኛ ደግሞ በተነጫነጨች ቁጥር ስናጎርሳት ኖርን።

እትዬ አሰለፈች ዳቦውን ቶሎ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። «ጎሽ የኔ ልጅ!» አሏት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ! ዳቦዬን የሚጠላ ሰው በዚህ ሕንፃ ላይ አለ ብዬ አስቤም አላውቅ!»

ትምህርት ቤት የተቀጠርን ቀን «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብለው አብረውን ሄዱ። ወይዘሮ ሥርጉት ደግ ሴት ናቸው፤ በወሬ ግን እኔን ያስንቃሉ። የአማልን ጉንጭ ያዝ አድርገው «ስምሽ ማነው? ማሚን ትወጃታለሽ? ብስኩት ልስጥሽ? ይሄ ቀለም ምንድን ነው?» እያሉ ቀጠሉ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ነበር፤ እኔ የውሃዋን ካርድ ነበር የምጠብቀው። አማል ቦርሳዋን ከፈተች። ያወጣችው ቀይዋን እጅ ነው።

አለቀልን አልኩ።

ወይዘሮ ሥርጉት ካርዷን አዩ። እጃቸውን ከጉንጯ አንስተው ዝም አሉ። አማል በረጅሙ ተነፈሰችና አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ልጅ ይህንን ሊለኝ ፈልጎ ይሆን?» ብለው ሳቁ። ካርዷን መለሱላት። «ሰኞ ትምጣ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! «አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ልጅ ይውጣልዎት፣ ይቺ ልጄ እኮ ከተወለደች ጀምሮ…» እያልኩ ስቀጥል መዳፌ ላይ አንዲት ካርድ አረፈች።

እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። ልጄ እጄን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ።