ልብ እስኪከተል

«በቁሙ ያልጠየቀውን ሲሞት መጣለት» አለች አንዷ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች።

ይሄይስ ሰምቷታል። ዳሱ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጦ፣ የንፍሮውን ሳህን እንደያዘ ነው። ሁለተኛው የለቅሶ ቀን ነበር። የኅዳር ጉም ከወንዙ ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶታል፤ የለቀስተኛው ድምፅ ይቀድማል፣ ሰውየው ዘግይቶ ከነጩ ውስጥ ይወጣል። በእያንዳንዱ ኮቴ ይሄይስ ቀና ይላል። ታናሽ ወንድሙ ገነነ አሁን የሚገባ ይመስለዋል።

ገነነ ሆዱን ታሞ በቃሬዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወሰድ መንገድ ላይ ነው ያረፈው። ይሄይስ ሁለት ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ፣ ቡሬ ላይ ይኖራል። እህል ነጋዴ ነው፤ አይሱዙ መኪና አለው፣ ፎቅ ሠርቷል። አራት ዓመት ሙሉ ግን የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። አገሬው «ንቆት ነው» ይላል።

ነገሩ ሌላ ነበር። ፎቁ ያለቀ ዕለት ገነነን ጠርቶ ክፍል ለክፍል አዙሮ አሳየው። ቤቱን እያሳየ ዓይኑን ዓይኑን ያየው ነበር፤ አንዲት የምኞት ጥላ ፈለገ። ገነነ ግን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ፣ በመንገድ ለሚያልፈው ሁሉ «የወንድሜ ቤት ነው! እልል በሉ እንጂ!» እያለ ጮኸ። ጠላውን ጠጥቶ፣ መርቆ፣ «በርበሬዬ ይጠብቀኛል» ብሎ ተነሣ። ይሄይስ ከላይ ሆኖ ሲያየው፣ ያ አንድ በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ የሚያርስ ገበሬ እያንጎራጎረ ይወርዳል። በፎቁ ውስጥ አንድም የሚያንጎራጉር ሰው አልነበረም። ይሄይስን የሆነ ነገር ደረቱ ውስጥ ቆነጠጠው። ከዚያ በኋላ ገነነ በመጣ ቁጥር «የለም በሉት» ያስብል ጀመር።

ረፋድ ላይ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ የገነነ ሚስት አምለሰት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ ይሄይስ፣ ቅመሱ እንጂ።»

«አምለሰት፣ ሰው የሚለውን ሰምተሻል።»

«ሰው ምን የማይለው አለ።»

«ንቄው አይደለም። ቀንቼበት ነው።»

ቀና ብላ አየችው። «በምኑ? በዚህ በሣር ክዳኑ?»

«በደስታው። እሱን ሲፈጥረውም የጠገበ ነው። እኔ ያን አልታደልሁም።»

አምለሰት የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«ሲፈጥረውማ አይደለም» አለች። «እርስዎ መኪናውን የገዙ ጊዜ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሦስት ቀን ተኛ። የታመመ መስሎኝ ነበር። ኋላ ለንስሐ አባቱ፣ ለአባ ወልደ ገብርኤል ተናገረ። ‹የወንድሜ ሲሳይ እንደ እሾህ ወጋኝ› ብሎ። ‹ሂድና ደጁ ቆመህ መርቅ፤ ልብህ እንቢ ቢል በአፍህ መርቅ› አሉት።»

«መረቀ?»

«በየገበያው ቀን ከደጅዎ ማዶ ቆሞ መርቆ ይመለሳል። ጥርሱን ነክሶ። ‹ዛሬም ዋሸሁ› ይለኛል ሲገባ። ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ እየሣቀ መጣ። ‹አምለሰት፣ ዛሬ ልቤ ተከተለኝ› አለኝ። እርስዎ ያዩት ደስታ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ‹የለም› ሲሉትም መመረቁን አልተወም።»

ይሄይስ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሣ። ከዳሱ ወጥቶ ወደ በረቱ ሄደ። በረቱ ውስጥ የገነነ በሬ ብቻውን ቆሟል፤ በለቅሶው ግርግር ውኃ ያስታወሰው አልነበረም። ፈትቶ ወደ ወንዙ ነዳው። ከመንገዱ ዳር የጎረቤት በርበሬ በጉሙ ውስጥ እንደ ፍም ቀልቷል።

«እግዜር ይባርክላችሁ» አለ በአፉ። ልቡ ገና ከኋላ ነበር።

በሬው ውኃው ዳር ደርሶ ቆመ። አልጠጣም፤ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ይሄይስ ቆይቶ ገባው። ገበሬ በሬውን የሚያጠጣው እያፏጨ ነው።

ከንፈሩን አሾለ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ካፏጨ ስንት ዘመኑ! እንባው አፉ ድረስ ወርዶ ጨው ጨው አለው። በመዳፉ ጠርጎ እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው ቀጭን፣ የተሰባበረ ፉጨት ወጣ። በሬው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ይሄይስም እጁን ሻኛው ላይ አሳርፎ፣ ጠጥቶ እስኪበቃው ድረስ ፉጨቱን አላቋረጠም።