ሰባት ቤት ከኦሃዮ

ልጄን ሚስጥርን ለፈረንጅ አልሰጥም አላልኩም። ሰባት ቤት ይቆጠር ነው ያልኩት። የሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ቦንጋ ውስጥ ልጅ የሚድር ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት፤ ምን አጠፋሁ?

ልጄን የጠየቀው አሜሪካዊው ናታንም እሺ አለ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቡና ሲያጠና የሚውል ልጅ ነው። ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት የአሜሪካን መቃብር ሲበረብር ከርሞ፣ ባለፈው እሑድ ሽማግሌውን ጋሽ ግዛቸውን ይዞ ሳሎኔ ተቀመጠ። ዘሩን ሁሉ ስልኩ ላይ ስሎታል።

አባቱን፣ አያቱን እያለ ወጣ ወጣና ኤላያስ የሚባል፣ ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት ኦሃዮ ውስጥ ያርስ የነበረ ሰው ላይ ደረሰ።

«ሚስቱስ?» አልኩት።

«ሩት። የአጎቱ ልጅ ነበረች» አለ፣ ትናንት ዘነበ እንደሚል ሰው።

ክው አልኩ። «የአጎቱን ልጅ? አግብቶ? ወልዶ?»

«በዚያ ዘመን እዚያ የተለመደ ነበር፣ ጋሼ።»

«እህቱ ማለት እኮ ናት! ልጄን ከእንዲህ ያለ ደም ጋር አላቀላቅልም። ተነሱ!»

ሚስጥር አለቀሰች። ጋሽ ግዛቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። «ወልደ ጊዮርጊስ፣ የልጁን ሰማን። የናንተስ? ወጉ በሁለቱም በኩል ነው።»

እኔማ በኩራት ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ የቢታውን ኮጪቶን፣ ነብር ቀኝ እጁን የቆረጠውን ጠራሁ። ናታን እየሰማ ይጽፋል። ቀጥላ ባለቤቴ ላቀች ሰሞኑን ዋጫ ወርዳ ከአክስቷ ያጠናችውን የእናቷን ወገን ያዘች። እኔና እሷ ስንጋባ ወላጆቿ ሞተው ስለነበር የቆጠረልን አልነበረም። እሷ የዋጫ፣ እኔ የቢታ ገነት ሰው፤ ማን ይጠረጥራል?

«አምስተኛው ኮጪቶ፣ የቢታው» አለች። «ነብር ቀኝ እጁን...»

አልጨረሰችውም። ናታን ስልኩን አየና አንገቱን ደፋ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሰው ላይ ገጥመዋል።

ሠላሳ ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሚስቴ ሶፋው ላይ ከጎኔ ፈቀቅ አለች።

«አጥፋው!» ብዬ ናታን ላይ ጮኽኩ። «አሁኑኑ አጥፋው!»

ሚስጥር እንባዋን ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ከኔስ ደም ጋር ማን ይቀላቀል?»