ከዚያው ላፕቶፕ የመጣ እንግዳ

የመዝሙር ግጥም በትልቁ ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ፕሮግራም ለቤተ ክርስቲያኗ የሠራችው ሶፊ ናት። አማርኛውንና ኦሮምኛውን ጎን ለጎን ያሳያል። አዳማ ያሉ ሌሎች አጥቢያዎችም «ለእኛም ስጪን» እያሉ ሲወተውቷት፣ ከመስጠቷ በፊት አብሯት ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ዳዊን ጠራችው። ዳዊ የሰው ሶፍትዌር ቀዳዳ እየፈለገ የሚተዳደር ልጅ ነው።

መዘምራኑ ለልምምድ ሲሰባሰቡ ሁለቱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ አበላሽልኝ» አለችው እየሳቀች። የሚበላሽ አልመሰላትማ! «እዚህ የምታየው መስኮት ነው የሚያዝዘው። ግጥሙን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ደግሞ ከጀርባ ያለው ትንሽ ሰርቨር ነው። ሁለቱም የሚነጋገሩት እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ማንም አይደርስበትም።»

«ከውስጥስ?» አለ ዳዊ።

በራሱ ኮምፒውተር አንዲት ድረ ገጽ ጻፈና በሶፊ ላፕቶፕ ብራውዘር ከፈታት። የመዘምራኑ መሪ ጋሽ መርዳሳ እጃቸውን ሲያነሱ፣ በግጥሙ ፋንታ «ዳዊ ቁርጥ አምሮታል» የሚል ጽሑፍ ግድግዳውን ሞላው። ሴቶቹ ዘማሪዎች በሳቅ ፈረሱ።

ሶፊ ፊቷ ጋለ። «እንዴት ገባህ?»

«ሰርቨርሽ ከዚሁ ማሽን የመጣውን ሁሉ ያምናል። ብራውዘሩም እኮ እዚሁ ማሽን ላይ ነው። አንድ ሰው ሳያውቅ መጥፎ ገጽ ቢከፍት ገጹ እንደ ልቡ ያዝዘዋል።»

ማፈሯን ወዲያው ረሳችው፤ እጇ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ሰርቨሩ አዲስ ምስጢራዊ ቃል እንዲፈጥር፣ መስኮቱም ጠይቆ እንዲቀበለውና ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር እንዲልከው አደረገች። ዳዊ ያቺን ድረ ገጽ ትንሽ ነካካት። ገጿም እንደ መስኮቱ ቃሉን ጠየቀች፤ ሰርቨሩ ሰጣት።

«ቁልፉን ለጠየቀ ሁሉ ታድያለሽ እንዴ?» አለ።

ሶፊ ከወንበሯ ብድግ አለች። «መጠየቅማ የለም! መስኮቱንና ሰርቨሩን የሚያስነሣው ዋናው ፕሮግራም ነው አይደል? ቃሉን እሱ ይፍጠርና ለሁለቱም በእጃቸው ያስይዛቸው። ሰርቨሩ ለማንም አይናገርም!»

ተመልሳ ተቀምጣ ጻፈችው። ትእዛዙ ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚያጣራ መስመርም ጨመረችበት። ዳዊ ሞከረ፤ ተከለከለ። እንደገና ሞከረ፤ ተከለከለ።

«ሃሌሉያ!» ስትል ፒያኖው ሳይቀር ዝም አለ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ መርዳሳ።

«አላስገባም አለው፣ ጋሽ መርዳሳ! ይዩልኝ፣ አላስገባውም!»

«ማንን?»

«ዳዊን!»

ጋሽ መርዳሳ ዳዊን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ምን አጥፍቶ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መዘምራኑ ሲጀምሩ ግጥሙ በሁለቱም ቋንቋ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሶፊ ግን ቀና ብላም አላየችው። ወንበሯን ወደ ዳዊ አስጠጋች።

«በል፣ ሌላ መንገድ ፈልግ» አለችው።