ዳልቻ የምትሰማው ወሬ

መርሳ ከብት ገበያ ውስጥ በሬ ሊገዛ ያመነታ ሰው ካለ፣ «እስቲ ፈንታው ይየው» ይባላል። ፈንታው ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይዳብሳል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ያስኬዳል፤ ከዚያ ራሱን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቃል ወይም ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ከዚህ ያለፈ ቃል ከእሱ መጠበቅ የዋህነት ነው። ይህ ሁሉ የከብት ዕውቀት ያለው ሰው የገዛ ላሙን አልቦ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል?

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ላሚቱ ዳልቻ የምትታለበው በሚስቱ በአልታየች እጅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሲቀርባት አትራገጥም፣ አትወጋም፤ ወተቷን ብቻ ትይዛለች። እንዲህ ያለ ጨዋ እምቢታ ደግሞ መላ የለውም።

በግንቦት መጀመሪያ ወልድያ የምትኖረው ልጃቸው መቅደላ በሰላም ተገላገለች። አልታየች ልጇን ልታርስ ነጠላዋን አጣፍታ ስትነሳ ትእዛዙን ደረደረችው፤ በረቱ በጠዋት ይጠረግ፣ አገዳው ደቆ ይከትከት፣ በሬዎቹ ፀሐይ ሳይበረታ ውሃ ይውረዱ።

«ከሁሉ ከሁሉ ግን የዳልቻን ወተት በየጠዋቱ ለሳሙኤል ስጥልኝ። መቅደላ የሱቁ ወተት አልወርድልሽ ብሏታል» አለችው። ሳሙኤል ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ በደጃቸው ያልፋል።

«እሺ» አለ ፈንታው።

በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ተነሥቶ እበቱን ዛቀ፣ አገዳውን ከተከተ፣ በሬዎቹን ወንዝ አውርዶ መለሰ። እንዲህ ባለ ጠዋት ደስ ይለዋል። ከብቶቹ ሲያመነዥኩ መስማት ለእሱ ቁርስ ነው። ከዚያ እጁን ለቅለቅ አድርጎ፣ ጥጃውን አስጠብቶ አስሮ፣ ማለቢያውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ቁጭ አለ። ሳበ፤ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ዳልቻ ዞራ አየችው፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ማመንዠኳን ቀጠለች።

«ሽታዬን አልለመደችውም» ብሎ አሰበ። ገብቶ የአልታየችን ቀሚስ በሱሪው ላይ አጠለቀ፣ ሻሿንም አሰረ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤቱ ይታገሱ ገመድ ሊዋስ ብቅ ያለው።

«እንዴት አደሩ እትዬ አልታ…» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ። «አያ ፈንታው! ምን ነካዎት?»

ፈንታው በጣቱ ወደ ዳልቻ ጠቆመ። ይታገሱ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ፣ አልቻለም፤ ገመዱንም ረስቶት ሄደ። ዳልቻ ቀሚሱን አሸተተችና ትንፋሿን እፍ አለችበት። ያን ዕለት ሳሙኤል ጥሩንባውን ነፍቶ ነፍቶ ባዶውን አለፈ፤ መቅደላም ያለ ወተት ዋለች።

ማታ አልታየች ደወለች። ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም።

«እኔ ሳልባት አወራታለሁ። ዝም ካልኩ እኔንም ትይዝብኛለች። ነገ እደውላለሁ፤ ድምፁን ላውድ አድርገህ ኪስህ ክተተኝ።»

በማግስቱ እንዳለችው አደረገ። ድምፅዋ ከደረት ኪሱ ወጣ፤ «ዳልቻዬ፣ እንዴት አደርሽልኝ? የልጅ ልጅ አየሁልሽ እኮ! ጠይም ናት፣ ፀጉሯ ጆሮዋ ላይ የወረደ።» ዳልቻ ጆሮዋን ቀሰረች። ወተቱ ወዲያው መጣ፤ ማለቢያው ውስጥ አረፋ አወጣ። ፈንታው እንደ ልጅ ደስ አለው።

አልታየች ቀጠለች። «ወልድያ እንደገባሁ ለፈንታው ሴት ናት ብዬ ስደውልለት እሺ ብሎ ዘጋው። ያው ሁልጊዜ የማወራሽ ነው። መቅደላ ስትወለድም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ወንድ ነበር የፈለገው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን አንድ ቀን ደስ ብሎኛል ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ይስማ ብላ ይሁን ወይስ ከላሚቱ ጋር መሆኗን ብቻ አስባ፣ ፈንታው አላወቀም። መቅደላ ከተወለደች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ለዳልቻና ከእሷ በፊት ለነበሩት ላሞች በየጠዋቱ ከእሱ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሲወራ ኖሯል። ወተቱ ሞልቶ ለሳሙኤል ተሰጠ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የያዘውን ይጥላል፣ የጣለውን ይፈልጋል። ደውሎ ሊነግራት ሦስት ጊዜ ስልኩን አነሣ። ሦስቱንም ጊዜ መልሶ ከተተው።

በሦስተኛው ቀን አልታየች ወሬዋን ገና ጀምራ ሳለች ሕፃኗ አለቀሰች። ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ። ቢጠብቅ ምንም የለም። «ኔትወርኩ ሄደ» አለ ፈንታው። ዳልቻም ወተቷን ያዘች። ሳሙኤል ሊደርስ ነው፤ ማለቢያው ግማሽ እንኳ አልሆነም።

ፈንታው ከበረቱ አጥር ማዶ ይታገሱ አለመኖሩን አረጋገጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አገዳው… ተከትክቷል» አላት ለዳልቻ። ጆሮዋ ዞረ። «በሬዎቹም ጠጥተዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ሽሮ ሠርቼ ለሁለት ሰው አቀረብኩ። ቤቱ ሰፍቶብኛል።» ወተቱ ጠብ አለ፤ ከዚያ ይወርድ ጀመር። ፈንታውም ቀጠለ፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ መዝጋቱ ከበደው።

«ወንድ ፈልጌ አልነበረም። መቅደላ የተወለደች ሌሊት አልታየች ትሞትብኛለች ብዬ ደጅ ላይ ተንበርክኬ ነው ያደርኩት። ጠዋት ሁለቱንም ደኅና ሳያቸው እንባዬ መጣ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ወንድ ሆኖ ያለቅሳል እንዳይሉኝ ፊቴን አዞርኩ። አሁንም ያው ነው። ስልኩን የዘጋሁት ድምፄ ሲንቀጠቀጥ እንዳትሰማው ነው። ደስ ብሎኝ እኮ ነው ዳልቻ፤ ያኔም አሁንም ደስ ብሎኝ ነው።»

አረፋው የማለቢያውን አፍ ነካ። ፈንታው ዓይኑን በእጅጌው ሊጠርግ ንግግሩን አቆመ።

«ፈንታው» አለች አልታየች ለካ ካልተቋረጠው ስልክ፣ ከደረት ኪሱ ውስጥ፣ በታፈነ ድምፅ። «ዝም አትበል እንጂ፤ ወተቱ ይቆማል።»