ዘጠኝ በፊደል፣ 10 በአኃዝ

በአንዲት የስኮትላንድ ወደብ የጋዜጣ አራሚዋ የሞራግ ሕግ አይታጠፍም፤ ቁጥር እስከ ዘጠኝ በፊደል፣ ከዚያ በላይ በአኃዝ። «7 በጎች ተሰረቁ» ብሎ የጻፈውን ዘጋቢውን ፈርገስን፣ «አንተ፣ ፊደል አልቆጠርክም?» ብላ በሰው ፊት አዋርዳዋለች።

አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በሰጠመች ዕለት «ዘጠኝ ዓሣ አጥማጆች ሞቱ» የሚለውን ርዕስ አርማ ሳትጨርስ፣ የአሥረኛው ሬሳ መገኘቱ ተሰማ። ወንድሟ ሩሪ ነበር። ሞራግ እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ዘጠኝ ዓሣ አጥማጆችና ሩሪ ሞቱ» ብላ ጻፈችና ወደ ወደቡ ሮጠች።

በማግሥቱ ጋዜጣው «10 ዓሣ አጥማጆች ሞቱ» ብሎ ወጣ።

«ወንድሜን ማነው ቁጥር ያደረገው?» ብላ ጮኸች።

ፈርገስ ቀና እንኳ አላለም። «እኔ ነኝ፣ ሞራግዬ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺው አይደለሽ?»